ሰባተኛዋ

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

ማታ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስለ ነጥብ። ለመቅረት ሰበብ እየፈለግኩ ሳለ ጎረቤቴ ኢርማ መኪናዋን በሬ ላይ አቁማ ጡሩምባ ለቀቀችብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውጪ! የኬሚስትሪ መምህርቷ ስለ ነጥብ ካልሰማች ማን ሊሰማ ነው?»

አማካሪያችን ፕሩዊት ነው የተናገረው። ገና ሳይጀምር ኢርማ እጇን አወጣች። ስትጠይቅ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ እየነዳች ከኋላ የሚያስቸግሩ ልጆችን በምትጠራበት ድምፅ ነው።

«ልጄ በመዘምራን ክፍል ኤ አመጣች። እሰየው ብዬ ኬክ ገዛሁላት። በኋላ ሳየው አማካይ ውጤቷ ወርዷል። ኤ አምጥቶ መውረድ ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ፕሩዊት ሰሌዳው ላይ ጻፈላት። በመደበኛው ክፍል ኤ አራት ነጥብ፣ ቢ ሦስት። በላቀው ክፍል ኤ አምስት፣ ቢ አራት። «የማሪቤል አማካይ ከአራት በላይ ነው። እዚያ ላይ የመዘምራኑን አራት ስትጨምሪበት ወደ ታች ይጎትተዋል።»

«ስለዚህ ስትዘምር ትቀጣለች፣ አፏን ስትዘጋ ትሸለማለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፕሩዊትም ሳቀ፤ ግን አላስተባበለም።

አንድ አባት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ያያሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። አያዩም። ብዙዎቹ የእኛን ስሌት ወደ ጎን ትተው ራሳቸው እንደ አዲስ ይቆጥራሉ። ልጁ ከባዱን ትምህርት ደፈረ ወይስ ሸሸ፣ ውጤቱ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ፣ መምህራኑ ምን ይላሉ ብለው ይመረምራሉ። የቴክሳስ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ግን ለእኛ ልጆች በአንድ መስመር ነው የሚፈርደው። ከየትምህርት ቤቱ አናት ላይ ያሉት ጥቂቶች ያለ ጥያቄ ይገባሉ። እኛ ዘንድ ያ ማለት ሰባት ልጅ ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ደረጃ በጁን መጀመሪያ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

ስንመለስ ማሪቤል ስንተኛ እንደሆነች ጠየቅኳት።

«ስምንተኛ» አለች ኢርማ። ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። 

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

ኢርማ ሣሬን አጨደችልኝ። ከካንሰሩ ከዳንኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ራሴ ማጨድ እችላለሁ አልኳት። «ማሽኑ ለምዶኛል፣ ካንቺ ጋ ይኮርፋል» አለችኝ።

ያን ጊዜ፣ ሕክምናው ላይ ሳለሁ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ከአውቶቡሱ እንደወረደች በራሷ መኪና ሂዩስተን ትወስደኝ ነበር። ስመለስ ያስመልሰኛል፤ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ሳህን ትይዝልኛለች። ትምህርት በሌለ ቀን ማሪቤልም ከኋላ ወንበር ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ማሪቤል ያኔ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ እዚያው ወንበር ላይ ነው ያስጠናኋት፤ እኔ እያቃሰትኩ፣ እሷ እየደገመች።

ዛሬ ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሜይ 2፣ ዓርብ

የላቀው ክፍል ቤተ ሙከራ። ማሪቤል እና ታኦ ዳንግ እንደ ሁልጊዜው አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ታኦ የሽሪምፕ አጥማጁ የዳንግ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። ደረጃቸውን ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሰባተኛ ሆይ፣ ብርጭቆውን አቀብዪኝ።»

«እሺ ስምንተኛዬ። እንዳትሰብሪው፣ ዘጠነኛ ትሆኛለሽ።»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ በመሀል ቆመ። ከሁለቱ አንዷ ናት የምትገባው። የሁለቱም የኬሚስትሪ ውጤት ደግሞ በኔ እጅ ነው።

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

ነዳጅ ስቀዳ ሁለት አባቶች ከማዶ ያወራሉ። አላዩኝም።

«ልጅህ ኬሚስትሪ ማን ጋ ነው?»

«ቲድዌል ጋ።»

«እግዜር ይሁነው። ቨርና ቲድዌል ለገዛ እናቷ እንኳ ግማሽ ነጥብ አትሰጥም።»

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተሩን ሳላስነሳ ትንሽ ቆየሁ።

ሜይ 9፣ ዓርብ

ኢርማ በአጥሩ ላይ ተደግፋ ማሪቤል እንቅልፍ እንደማትተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዷን እንደሚያማት ነገረችኝ። «ቁርስ አልበላ አለችኝ፤ ሰባት ሰባት እያለች ትቃዣለች።»

እንዲሁ ነው የነገረችኝ? እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ለጎረቤት ይነግራል።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

የማሪቤልን ውጤት ዳግም አላይም ብዬ ነበር። አየሁት። ሰማንያ ዘጠኝ እና ጥቂት። ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል ከደረሰች ወደ ዘጠና ይጠጋላታል፣ ኤ ትሆናለች። ከዚያ በታች ቢ። ኤ ካገኘች እና ታኦ ካላገኘች ታኦን ታልፋታለች። የቀረው የመጨረሻው ፈተና ነው። ታጥናና ታምጣው።

ሜይ 18፣ እሑድ

ኢርማ የሽሪምፕ ሾርባ አመጣችልኝ፤ በትልቁ ድስት። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? «ከሳሽ» አለችኝ። አልከሳሁም።

ስለ ፈተናው ምንም አላነሳችም። አንዴም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከልመና ይከብዳል።

ሜይ 22፣ ሐሙስ

ፈተና። በመሀሉ ነጎድጓድ፣ ዝናብ፣ መብራት ጠፋ። ልጆቹ በመስኮቱ ብርሃን ጨረሱ። ማሪቤል ወረቀቷን ስትሰጠኝ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። «ሚስ ቲድዌል፣ ጥሩ የሠራሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ እርስዎ፣ ሚስ ቲድዌል። እቤቴ ስትመጣ አክስቴ ቨርና፣ አንቺ። ይህን ድንበር አንድም ቀን ስታው አታውቅም።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ እርማት።

ሕጌን ልጆቹ በቃላቸው ያውቁታል። መለኪያው ያልተጻፈበት ቁጥር መልስ አይደለም። አስራ ሁለት ምን? አስራ ሁለት ግራም? አስራ ሁለት ዳክዬ? ገና በመጀመሪያው ሳምንት እነግራቸዋለሁ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ዳክዬ» እያሉ ይቀልዱብኛል። መለኪያ የረሳ ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል። ስሙ ምንም ይሁን።

በዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስድስት ልጆች ረሱ። ማሪቤል አንዷ ናት። ታኦም።

የዓመቱን ጠቅላላ ደመርኩ። ማሪቤል ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ታኦ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ አንድ። ሁለቱም ቢ። ደረጃቸው እንዳለ ይቀራል፣ ታኦ ሰባተኛ፣ ማሪቤል ስምንተኛ።

አልቋል። በሠራሁት ውጤት ማንም አያማኝም።

ሜይ 25፣ እሑድ

ኢርማ እና ማሪቤል ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ማሪቤል አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ ትከሻዋ አጥንቱ ወጥቷል። በእርግጥ ከስታለች።

ወረቀቷን እንደገና አወጣሁት። ለማረጋገጥ ብቻ። መምህር ሥራውን ቢያረጋግጥ ነውር የለውም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ መልሱ ጎን መለኪያ የለም፤ እሱ እርግጥ ነው። ግን ከመልሱ በላይ ባለው መስመር ስሌቱን ስትሠራ «ግራም» ብላ ጽፋለች። በግልጽ፣ በሚያምር እጅ ጽሑፏ። ትናንት ይህን እንዴት አላየሁትም? ደክሞኝ ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው። ልጅቷ መለኪያውን ታውቃለች። የማወቅ ፈተና ነው እንጂ የመጠንቀቅ ፈተና አይደለም።

ሁለቱን ነጥብ መለስኩላት፤ ፈተናው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ስለሆነ ዜሮ ነጥብ አራት ይጨምርላታል። ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። ዘጠና። ኤ።

የሌሎቹን አልከፈትኩም። እርማት አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት፤ አለዚያ መቼም አያልቅም።

ሜይ 27፣ ማክሰኞ

ውጤት አስገባሁ። ራስ ምታት።

ሜይ 29፣ ሐሙስ

የትምህርት መዝጊያ። የፈተና ወረቀቶቹን መለስኩ። ማሪቤልና ታኦ ወረቀታቸውን ሳያዩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተው እየሮጡ ወጡ። ተመስገን አልኩ። ለምን ተመስገን እንዳልኩ እንጃ። የበጋው ዕረፍት ጀመረ ብዬ መሆን አለበት።

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ደረጃው ወጣ።

ኢርማ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፤ አንጠልጥላ አዞረችኝ። «ሰባተኛ! ቨርና፣ ሰባተኛ! ልጄ ገባች!» ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። «አንቺ ባትኖሪ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባታስጠኚያት ኖሮ...» እኔም አለቀስኩ።

ማሪቤል በሩ ላይ ቆማለች። ፈገግታዋ ትንሽ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ» ስላት «ታኦ ስምንተኛ ሆነች» አለችኝ።

«ኬሚስትሪው ነው ያጋደለው አሉ» አለች ኢርማ። «አንቺ ማጥናትሽን እወቂ። በላብሽ ነው ያገኘሽው።»

 ጥሩ ቀን ነው። ሰው ደስ ሲለው ዝም ብሎ ደስ ይበለው።

ጁን 5፣ ሐሙስ

ሽሪምፕ ልገዛ ወደብ ወረድኩ። ሌላ ቦታ መግዛት እችል ነበር። ዳንግ ጀልባው ጎን በረዶ እየዘረገፈ ነው፤ ታኦ ጓንት አጥልቃ የሽሪምፕ ራስ ትቆርጣለች። ስታየኝ ጓንቷን አወለቀች።

«ሚስ ቲድዌል! አይዘኑብኝ፤ ስምንተኛም ቁጥር ነው። ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉንም ነገር ያያሉ አይደል? የሽሪምፕ ራስ መቁረጥ የሚቆጥሩ ከሆነ አንደኛ ነኝ።»

አባቷ ኮፍያውን አወለቀ። የልጁ ውጤት ምንም ቢሆን እኔን በጣም ነው የሚያከብረኝ፤ ይህ ሰው መምህር ሲያይ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ይቆማል። «ፈተናው ላይ ልጄ የተሳሳተችው ምንድን ነው? ብነግራት ለሌላ ጊዜ ትጠነቀቃለች።»

«መለኪያ ረስታ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያማ የእርሷ ጥፋት ነው» አለ። ልጁን ዞር ብሎ አያት፤ በቁጣ አይደለም። «ባሕር ላይ መለኪያ የረሳ ይሰምጣል።» ከዚያ በመስፈሪያው የከፈልኩበትን ሰጥቶኝ ከላዩ ሌላ ጨመረልኝ። አይሆንም ብልም እምቢ አለ። «ለመምህር ነው።»

ሽሪምፑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። መብላት አልቻልኩም። ሙቀቱ ይሆናል።

ጁን 6

ወረቀቶቹን አንድ ቀን አዘግይቼ ባርማቸው ኖሮ። የማሪቤልን ወረቀት እንደገና ባላወጣው ኖሮ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስኮቱ ጋ ባልቆም ኖሮ። ሞኝነት። መስኮቱ ምን አደረገ?

ጁን 8፣ እሑድ

ማሪቤል መጣች። ብቻዋን። ሁለት ወረቀት ይዛለች፤ የራሷን እና የታኦን። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ትናንት ታኦ ቤት ወረቀቶቻችንን አወጣናቸው። ልናቃጥላቸው ነበር፤ በየዓመቱ እንዲህ እናደርጋለን። ይዩት ይህን» አለችኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረቻቸው።

ማየት አላስፈለገኝም። ግን አየሁ። በታኦ ወረቀት ላይ ከመልሱ በላይ ባለው መስመር «ግራም» ተጽፏል። ከማሪቤልም በላይ ጎላ ብሎ።

«የኔ ላይ በቀይ የተቀነሰው ተሰርዞ ነጥቡ ተመልሷል። የእርሷ ላይ አልተመለሰም።»

እርስዎ እያለችኝ ነው። እቤቴ ውስጥ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ።

«ምናልባት ሳላየው...» አልኩ።

«ሚስ ቲድዌል፣ የእርሷን ወረቀት ለሁለተኛ ጊዜ ከፍተውት ነበር?»

«አልከፈትኩም።»

«የኔን ለምን ከፈቱት?»

ምን ልበላት? አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰሽ ልበላት? እናትሽ ሳህን ይዛልኝ ልበላት? «ስለምወድሽ» አልኳት። እውነት ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን እንደ ሰበብ ነው የተሰማኝ።

 «ታኦ አይታዋለች» አለች። «ወረቀቱን አጣጥፋ ስለ ፊልም ማውራት ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ወደ ስምንተኛ ይመልሱኝ። እርስዎ ካልሄዱ እኔ ራሴ ፕሩዊት ጋ እሄዳለሁ። ግን እርስዎ ቢሄዱ ይሻላል።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም። ይንገሯት።»

ጁን 9፣ ሰኞ

ፕሩዊት ጋ ሄድኩ። በሩን ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ቨርና፣ ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ልጆቹ፣ አሁን ደግሞ አንተ።»

«እኔ አልሰማሁም። ደረጃው ተዘግቷል። ለርዕሰ መምህሯ ተሰጥቷል፣ ፊርማ አርፎበታል። ታኦ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ቦታ ትገባለች። አንቺ አሁን ይህን ብትከፍቺ ያለፉት ዓመታት ወላጆች ሁሉ ነገ በሬ ላይ ናቸው። የልጄስ ወረቀት ይሉኛል፣ ጎረቤቷ ስላልነበርን ነው እንዴ ይሉኛል።»

«ጎረቤት አልነበሩም። ሐቃቸውን ነው።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው? ይህ ከተማ ኬሚስትሪ ላይ የሚያምነው አንቺን ብሎ ነው።»

ይህን ሲለኝ የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ ለገዛ እናቷ እንኳ ያለው። ፊቴ ጋለ።

«ስድስቱንም ወረቀት እንደገና አርማለሁ» አልኩት። «በአንድ ዓይን። አንተ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ለሌሎቹ አራት ልጆች እየደወለ ወረቀታቸውን አስመጣ። ሁለቱን ማሪቤል ትታልኝ ሄዳለች። ስድስቱም ላይ ከመልሱ በላይ «ግራም» የሚል አለ። ስድስቱም ላይ። ፕሩዊት እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ አየ።

ለሁሉም መለስኩላቸው። የአራቱ የፊደል ውጤት አልተለወጠም። ታኦ ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል ገባች። ኤ። ሰባተኛ። ማሪቤልም ኤዋ አለ፤ ደረጃዋ ግን ስምንተኛ።

ርዕሰ መምህሯ ነገ ጠርታኛለች።

ጁን 10፣ ማክሰኞ

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይቀለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ገና ዝርዝሩን ስላልተቀበለ ማረም ይቻላል፤ ተስተካክሎ ይላካል። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ የላቀው ክፍል የኔ አይደለም፤ ከሌላ ከተማ ሰው ያመጣሉ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ።

«ሚስ ቲድዌል፣ ከሰው ሁሉ እርስዎ?» አለችኝ ስወጣ።

ማታ ለኢርማ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። መኪናዋን አየሁና መጋረጃውን ዘጋሁ።

ጁን 11

ነገ።

ጁን 12፣ ሐሙስ

ለኢርማ ቀድሜ አልነገርኳትም። ከትምህርት ቤቱ ደውለው ነግረዋታል።

በረንዳው ላይ መጣች። የአውቶቡስ ሸሚዟን ለብሳለች፤ በበጋ ለምን እንደለበሰችው እንጃ፣ ያገኘችውን አንስታ ነው የመጣችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «እኔ ለምኜሻለሁ?»

«አልለመንሽኝም።»

«አንድ ቀን? በዓይኔ እንኳ?»

«እኔ እንጃ፣ ኢርማ። ሣሩን ስታጭጂልኝ...»

«ሣሩን?»

«ሾርባውን ስታመጪ። ማሪቤል አትተኛም ስትዪኝ...»

«ልጄ አትተኛም ያልኩት ለጓደኛዬ ነው! ለማን ልንገር? ለአውቶቡሱ ጎማ?» ድምፅዋ መንገዱ ማዶ ድረስ ይሰማል። የማዶው ሰውዬ አትክልት ማጠጣቱን አቆመ። «አንቺ ዘንድ ሾርባ ይዤ ስመጣ ነጥብ ልገዛ የመጣሁ መስሎሽ ነበር?»

ዓይኔን ሣሩ ላይ ጣልኩ።

«ሂዩስተንስ? ያን ሁሉ መንገድ ሳህን ይዤልሽ ስነዳ፣ በልብሽ ‹ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ታስከፍለኛለች› እያልሽ ነበር?»

«አልነበረም። እምልልሻለሁ።»

«ታዲያ መቼ ጀመርሽ?»

  አሁን ስጽፍ የዚህን ደብተር ገጽ ሁሉ ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ መቼ እንደጀመርኩ ራሴም አላገኘሁትም። መጀመሪያውኑ ያየሁት የመሰለኝን ነው የጻፍኩት።

«ስምንተኛነቱ አይደለም» አለችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ያ ደግሞ ይብሳል። «ስምንተኛ ሆና ነው ያሳደግኳት፤ ስምንተኛ ሆና ትኑር። ልጄን ሌባ አስመሰልሻት። እኔን ደግሞ ነጋዴ።»

ሄደች።

ጁን 15

ሣሩ አድጓል። ራሴ አጨድኩት። ጀርባዬን አመመኝ።

ጁን 17

ገበያ ውስጥ ኢርማን አየኋት። አየችኝ። ጋሪዋን አዞረች።

ጁን 20፣ ዓርብ

ታኦ ዳንግ ወደ ቤቴ መጣች፤ በብስክሌት። ስለ ሁለቱ ነጥብ ልታመሰግነኝ አይደለም። አመሰግናለሁ ብትል መሬት ትክፈተኝ እል ነበር። «አባቴ የሰጠዎትን ሽሪምፕ አልበሉትም ብዬ ነው» አለችኝ። «ማሪቤል ነገረችኝ፤ ማቀዝቀዣዎ ውስጥ አይታዋለች። አባቴ ቢሰማ ያዝናል። ይብሉት ወይም ይጣሉት፤ አስቀምጠው አይዩት።»

ጥዬው ነበር። ያን አልነገርኳትም። «በልቼዋለሁ» አልኩ። አሁንም ዋሸሁ፤ ትንሽ ናት፣ ግን ዋሸሁ።

«ከማሪቤል ጋ እንዴት ናችሁ?»

«ደህና ነን። ስምንተኛዬ እላታለሁ፤ ትመታኛለች።» ትንሽ አሰበች። «እስከ አሁን ግን ቤታቸው አልሄድኩም። እናቷ ታፍራለች። ያላጠፋችውን።»

ጁን 24፣ ማክሰኞ

ለኢርማ ደብዳቤ ጀመርኩ። ቀደድኩት። ሁሉም ዐረፍተ ነገር «እኔ» ብሎ ይጀምራል።

በራፏ ሄጄ አንኳኳሁ። ከበሩ ኋላ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። አልከፈተችም። ከበሩ ውጭ ቆሜ «ለምነሽኝ አታውቂም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ ጮክ ብዬ። የማዶው ሰውዬ እንደገና አትክልት ማጠጣቱን አቆመ። ግድ የለኝም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጁን 27፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ የኢርማ መኪና በሬ ላይ ቆመ። ልቤ ዘለለ። የወረደችው ማሪቤል ናት። ኢርማ መሪው ላይ ናት፤ ሞተሩ አልጠፋም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ።

ማሪቤል በረንዳው ደረጃ ላይ ቆመች።

«ለዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻ የመምህር ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ሁሉንም ነገር ለሚያዩት። ትጽፊልኛለሽ?»

ትጽፊልኛለሽ አለችኝ። አንቺ አለችኝ። ይህን ሳስተውል ጥያቄውን ልረሳው ነበር።

«ማሪቤል፣ እኔ አሁን... ሌላ መምህር ብትፈልጊ ይሻላል። የኔ ስም ያለበት ወረቀት ይጎዳሻል።»

«ሌላ መምህር አያውቀኝም። አንቺ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ታውቂኛለሽ። የነጥቤን ጉድም ታውቂያለሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «የሆነውን።»

«በጣም ጥሩ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ» አልኳት።

ከመኪናው ድምፅ መጣ። ኢርማ ወደኛ አላየችም፤ አሁንም መንገዱን እያየች ነው የምትጮኸው።

«ንገሪያት! አንድ ቃል እንዳትጨምር! ልጄ ያላት ይበቃታል!»

«ሰምታሻለች፣ እማዬ።»

«ብትሰማም ባትሰማም ንገሪያት!»

ማሪቤል ሳቀች። እኔ ግን በረንዳው ላይ ከመጣችበት ቀን ወዲህ ኢርማ በኔ ጉዳይ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል መሆኑን እያሰብኩ ነው። ማሪቤል መኪናው ውስጥ ገባች፤ ሄዱ። ኢርማ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጡሩምባውን አንዴ ነካችው። ለኔ ይሁን መንገድ ለምታቋርጥ ድመት አላውቅም።

ገብቼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ስለ ትጋቷ፣ ስለ ቤተ ሙከራዋ፣ ስለ መዘምራኑ ጀመርኩ፤ ስለ ሁሉም ልጅ የሚጻፍ ነው። ቀደድኩት። ስለ እርሷ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ እዚህች ከተማ ውስጥ ሌላ ማንም ስለ ማንም ሊጽፈው የማይችለው። መምህርቷ አድልታላት ሰባተኛ ሆና ሳለ፣ ቤቴ ድረስ መጥታ ወደ ስምንተኛ ይመልሱኝ ያለችኝ ልጅ ናት።

ይህን ለመጻፍ ግን ከፊቱ የኔን መጻፍ ግድ ነው። ላላየኋቸው፣ ለማያውቁኝ ሰዎች፤ ስሜን ከታች ፈርሜ።

ከራሴ ጀመርኩ።